የጨጓራ በር ሲዘጋ፦ በሬው ከመሸጡ በፊት የሚጠየቁ አራት ጥያቄዎች

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብ ሠራተኛችን የቀረበ ንግግር)



ሥራዬ ሒሳብ ነው። የኮሌጅ ዲፕሎማዬም በአካውንቲንግ ነው፤ ሐኪም ወይም ነርስ አይደለሁም። ሰብሳቢያችን ስለ ጨጓራ እንድናገር ሲጠይቁኝ አንዳንዶቻችሁ ሳትገረሙ አልቀራችሁም። ምክንያቱ በእጄ የሚያልፉት የብድር ማመልከቻዎች ናቸው። "ለሕክምና" ተብለው ከሚመጡት ውስጥ "ሕመሙ ምንድን ነው?" ብለን ስንጠይቅ "ጨጓራ" የሚል መልስ የምናገኝባቸው ብዙ ናቸው። ጨጓራ ሁሉም ቤት ያለ ሕመም ስለሆነ ስሙን ሰምቶ የሚደነግጥ የለም። ከእነዚህ መካከል ጥቂቶቹ ግን ጊዜ የማይሰጥ ነገር ይዘው ነው የሚመጡት፤ የጨጓራቸው መውጫ ተዘግቶባቸዋል። ያን ጊዜ ቤተሰብ በሬ ይሸጣል፣ መሬት ያከራያል፣ ከእኛ ይበደራል፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል። ገንዘቡ በትክክል ለምን እንደሚውል ግን ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ነው የሚወጣው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የሕክምና ፈንዳችንን ደንብ እናሻሽላለን። ከድምፅ አሰጣጡ በፊት ነገሩን አብረን ብንረዳው ይጠቅማል ብዬ ነው የቆምኩት። ስለ ሕክምናው የምናገረው ሐኪሞችን ጠይቄ የተረዳሁትን ነው፤ ጽሑፉንም አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም አንብበው አርመውልኛል።

ጨጓራን እንደ ስልቻ አስቧት። እህሉ በላይ በኩል ይገባል፤ እዚያ ይፈጫል፣ ይላቆጣል፤ ከዚያ በታችኛው ጠባብ በር በኩል ጥቂት በጥቂት ወደ ትንሹ አንጀት ይወርዳል። ሐኪሞች ያንን በር ፓይሎረስ ይሉታል። ቃሉ የግሪክ ነው፤ በረኛ ማለት ነው። በሩ ሲጠብ ወይም ሲዘጋ የተበላው ሁሉ እዚያው ይከማቻል። ሰውየው ይርበዋል፤ ግን ሁለት ሦስት ጉርሻ እንደጎረሰ ይጠግባል። ሆዱ ይነፋል፤ ከዚያ ያስታውከዋል፤ ካስታወከው በኋላ ደግሞ ቀለል ይለዋል። ቀለል ስለሚለውም "ይሻለኛል" እያለ ይከርማል።

ምልክቶቹን ልብ በሉልኝ፤ ከዛሬው ንግግሬ ሌላው ሁሉ ቢረሳ እነዚህ እንዳይረሱ እፈልጋለሁ። ማታ የሚወጣው ትውኪያ ጠዋት የተበላው ከሆነ፣ ወይም የትናንቱ እህል ዛሬ ሳይፈጭ ከወጣ፣ ይህ ተራ ጨጓራ አይደለም። ትውኪያው ይኮመጥጣል፤ የሐሞት ቢጫ ወይም አረንጓዴ መልክ ብዙ ጊዜ አይኖረውም፤ ሐሞት የሚፈስሰው ከተዘጋው በር በታች ነውና። ከበሉ ሰዓታት ካለፉ በኋላ ሆድ ሲነቃነቅ ውሃ የያዘ ቅል ዓይነት ድምፅ ይሰማል። ሰውነት ይከሳል፤ መቀነት ስንታጠቅ ዙሩ ሲጨምር እናውቀዋለን። ሽንት ያንሳል፣ እግር ይኮማተራል፣ ድካም ይበረታል። ይህ የሚሆነው በትውኪያው ከውሃ ጋር የጨጓራ አሲድ፣ ጨውና ፖታሲየም የሚባለው ንጥረ ነገር አብረው ስለሚሄዱ ነው። ፖታሲየም በጣም ካነሰ ልብንም ይጎዳል።

ጠበል የምትጠመቅ እህታችን ጠበሉን ትታ ሐኪም ቤት ትሂድ የሚል ሰው አይደለሁም። እየተጠመቀችም ጤና ጣቢያ ትሂድ ነው የምለው። በሩ የተዘጋበት ሰው ብዙ በጠጣ ቁጥር ብዙ እንደሚያስታውከውና ሰውነቱም ይበልጥ እንደሚደርቅ ግን ለካህኑም ለአስታማሚውም መንገር ያስፈልጋል።

በሩን የሚዘጋው ምንድን ነው? ዋና ዋናዎቹ ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው የቆየ ቁስል ነው። በጨጓራው መውጫ ወይም ከእሱ ቀጥሎ ባለው የአንጀት መጀመሪያ ላይ ቁስል ይወጣል፤ ይድናል፤ እንደገና ይወጣል። በእሳት የተቃጠለ እጅ ሲድን ቆዳው እንደሚኮማተር ሁሉ ይህም ጠባሳ ይሠራና በሩን ያጠብበዋል። እኛ ቡሬና ጃቢ ጠህናን በርበሬ አምራቾች ነን፤ ጥፋቱን ሁሉ በበርበሬው ላይ ስንጭን ኖረናል። በርበሬ የቆሰለውን ሊያቃጥለው ይችላል፤ ቁስሉን የሚያመጣው ግን በአብዛኛው ሌላ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1982 ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሁለት የአውስትራሊያ ሐኪሞች ኤች ፓይሎሪ የሚባል ተሕዋስ በጨጓራ ውስጥ እንደሚኖር ደረሱበት። የሚያምናቸው ሲያጡ ማርሻል በ1984 ተሕዋሱን ራሱ ጠጥቶ ታመመ፤ የጨጓራ ብግነትም እንደያዘው ታየ። በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ይህ ተሕዋስ በምርመራ ይታወቃል፤ ብዙ ጊዜ ለ14 ቀን በሚወሰድ መድኃኒትም ይጠፋል። መድኃኒቱን በ5ኛው ቀን "ተሽሎኛል" ብሎ ማቆም ግን ተሕዋሱን ማላመድ ነው። ሌላው የቁስል ምክንያት የሕመም ማስታገሻ ነው። ለወገብና ለጉልበት እያልን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት የምንውጠው ዲክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና አስፕሪን ጨጓራን ያቆስላል።

ሁለተኛው ምክንያት ካንሰር ነው። ከጨጓራው የታችኛው ክፍል የሚነሳ ወይም ከአጠገቡ ካለው ከቆሽት የሚነሳ ዕጢ በሩን ይጫነዋል። ከእነዚህ ውጪ የባትሪ አሲድ የመሰለ የሚያቃጥል ነገር መጠጣትም በሩን በጠባሳ ይዘጋዋል፤ ስለዚህ አሲድና በረኪና በውሃ ጠርሙስ ቀድታችሁ ልጅ በሚደርስበት ቦታ አታስቀምጡ።

ዘጋቢው ቁስል ይሁን ካንሰር በዓይን አይታወቅም። የሚታወቀው በኤንዶስኮፒ ነው፤ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው፣ የሚተጣጠፍ ቀጭን ቱቦ በአፍ ይገባና ሐኪሙ ውስጡን ያያል፤ ናሙናም ቆንጥሮ ያወጣል። የሚተጣጠፈውን ኤንዶስኮፕ የሠራው ባዚል ሂርሾዊትስ የተባለ ሐኪም ሲሆን በ1957 መጀመሪያ የሞከረው በራሱ ጉሮሮ ነበር። ይህ ምርመራ ዛሬ ባሕር ዳር ውስጥ በመንግሥትም በግልም ይሰጣል። የናሙናው ውጤት ሳይመጣ ስለ ትልቅ ወጪ መወሰን የመኪና ሞተር ሳይከፈት መለዋወጫ እንደ መግዛት ነው።

አሁን ወደ ሕክምናው ልለፍ። በሩ ሲዘጋ በቀዶ ሕክምና ማለፊያ መክፈት የቆየ ሥራ ነው። በጥር 1881 ቴዎዶር ቢልሮት የተባለው ሐኪም ቪዬና ውስጥ ቴሬዘ ሄለር የተባለች የ43 ዓመት ሴት የጨጓራዋን መውጫ ከነካንሰሩ ቆርጦ በማውጣት ተሳካለት። እሷም መብላት ቻለች፤ ከአራት ወር ገደማ በኋላ ግን ካንሰሩ ተመልሶ ሞተች። በዚያው ዓመት ረዳቱ አንቶን ቮልፍለር ዕጢው ሊወጣ በማይችል ሰው ላይ ጨጓራውን ከታች ካለው አንጀት ጋር በቀጥታ ሰፋ። ድልድይ ሲሰበር ተለዋጭ መንገድ እንደሚወጣው ማለት ነው። ይህ ተለዋጭ መንገድ የማውጣት ቀዶ ሕክምና በአገራችን ሆስፒታሎች እስከ ዛሬ ይሠራል።

አዲሱ መንገድ ሆድ ሳይከፈት በኤንዶስኮፒ የሚሠራው ነው። ስቴንት ይባላል። ስሙ የመጣው በ19ኛው መቶ ዘመን ለንደን ውስጥ ይኖር ከነበረ ቻርልስ ስቴንት ከተባለ የጥርስ ሐኪም ነው፤ እሱ የሠራው ለጥርስ ልክ መውሰጃ ነበር፤ ስሙ ግን የሰውነትን ቱቦ ከፍቶ ለሚይዝ ዕቃ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። የጨጓራ መውጫ ስቴንት ከኒኬልና ከቲታኒየም ቅልቅል በሽቦ የተሠራ የወንፊት ቱቦ ነው። ተጣጥፎ ሲገባ ከእርሳስ የቀጠነ ነው፤ ከተለቀቀ በኋላ በሰውነት ሙቀት ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለስና 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ይይዛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ታማሚዋ በመጀመሪያ በጉሉኮስና በጨው ውሃ ሰውነቷ ይታረማል። በአፍንጫ በገባ ቱቦ የተጠራቀመው ይወጣል፤ ይህ ካልተደረገ በማደንዘዣው ጊዜ ትውኪያው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ከዚያ የሚያስተኛ መድኃኒት ተሰጥቷት ኤንዶስኮፑ ይገባል፤ ቀጭን ሽቦ በጠበበው በር ያልፋል፤ በኤክስሬይ እየታየ ስቴንቱ በሽቦው ላይ ተንሸራትቶ ቦታው ላይ ይለቀቃል። የሚቆረጥ ሆድ፣ የሚሰፋ ቁስል የለም። ብዙዎቹ በማግስቱ ፈሳሽ መውሰድ ይጀምራሉ።

ይህን የምነግራችሁ ከቤተሰቤም ስላየሁት ነው። በቡሬ ዙሪያ ገጠር ትኖር የነበረች አክስቴ ዕድሜዋ ከ60 በላይ ሲሆን እህል አልወርድ ብሏት ለወራት ስታስታውክ ቆየች። ባሕር ዳር በኤንዶስኮፒ ስትታይ በሩን የዘጋው ካንሰር መሆኑ ታወቀ፤ ጉበቷንም ነክቶ ስለነበር ቆርጦ ማውጣት እንደማይቻል ተነገረ። ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ ለእሷ ስቴንት ይሻላል ተብላ ወደ አዲስ አበባ ተላከች። ለሐኪሙ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "ልጄ፣ እህል ይወርድልኛል?" "ይወርድልዎታል እናቴ፣ የለሰለሰ ከሆነ" አሏት። ወረደላትም። በሁለተኛው ቀን ውሃና ሻይ ጠጣች፤ በሳምንቷ አጥሚት ጠጥታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ፋሲካን ከልጆቿ ጋር በገበታ ተቀምጣ ፈሰከች። አራት ወር ያህል ኖራ አረፈች።

ባለቤቷ ሁለት በሬ ሸጦ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ደብተሩን እንድደምርለት ሰጠኝ፤ ደመርኩለት። ስቴንቱና እሱን ለማስገባት የተከፈለው ከጠቅላላው ወጪ ከግማሽ በታች ነበር። የቀረው የሄደው ለመኪና፣ አዲስ አበባ ለሁለት አስታማሚ አልጋ፣ ለምግብ፣ ደግሞም ስቴንቱ ከገባ በኋላ "ካንሰሩን የሚያጠፋ ሐኪም አለ" በተባለበት ሁሉ ለተደረገ ምርመራ ነው። አጎቴ ስቴንቱ ሲገባላት ዳነች ብሎ አምኖ ነበር። በሩን እንደሚከፍት እንጂ ካንሰሩን እንደማይነካ የነገረው አልነበረም፤ ቢነገረውም በሚገባው ቋንቋ አልነበረም። እውነቱን ሳስረዳው ጥቂት ዝም አለና "ቢነግሩኝም እሸጥ ነበር፤ እሷ እህል ቀምሳ እንድትሞት እፈልግ ነበርና። ግን የምሸጠው አንዱን በሬ ነበር" አለኝ።

እኔ ደግሞ በሥራዬ ብዙ ደብተር ደምሬአለሁ፤ እንደዚህ ያለ ኦዲት ግን አይቼ አላውቅም። አንዱ በሬ የተሸጠው እሷ ለፈለገችው ነገር ነው፤ ፍሬውም ታይቷል። ሁለተኛው በሬ የተሸጠው ማንም ላልገለጸላቸው ተስፋ ነው። በሚቀጥለው ክረምት አጎቴ ጥማድ አጥቶ መሬቱን ለእኩል ሰጠ። ማኅበራችን ሊጠብቀው የሚችለው ያንን ሁለተኛውን በሬ ነው።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ስሜን አትጥሪ ያለችኝ አንዲት አባላችን አሁን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣለች። የ28 ዓመት ሴት ናት። የእሷም የጨጓራ በር ተዘግቶ ነበር፤ ናሙናው ሲመረመር ግን የቆየ ቁስል ጠባሳ እንጂ ካንሰር አልነበረም። ውጭ አገር የሚኖር ወንድሟ ስለ ስቴንት ሰምቶ "ያለ ቀዶ ሕክምና ስለሚሠራ እሱ ይደረግላት፤ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ" አለ። ሐኪሟ ግን አልተስማሙም። ምክንያታቸው ቀላል ነበር። የሽቦ ስቴንት በጊዜ ብዛት ይዘጋል ወይም ከቦታው ይንሸራተታል፤ ከፊቷ ብዙ ዓመት ላላት ወጣት የሚመከር አይደለም። ለእንደሷ ያለው መጀመሪያ የተሕዋሱና የአሲድ መቀነሻው መድኃኒት ይሰጣል፤ ቁስሉ አብጦ ብቻ ከሆነ በዚያው ሊከፈት ይችላል። ካልተከፈተ በኤንዶስኮፒ ፊኛ አስገብቶ ጠባሳውን ማስፋት አለ፤ ያም ካልያዘ ቀዶ ሕክምና። ለእሷ መጨረሻው ቀዶ ሕክምና ሆነ። ዛሬ ገበያ ውላ ትገባለች፤ ብድሯንም ከፍላ ጨርሳለች። ስለዚህ "አዲስና ውድ የሆነው ሁሉ ይሻላል" የሚባለው እዚህ ላይ አይሠራም።

ለካንሰር ታማሚም ቢሆን ምርጫው እንደ ሰውዬዋ ሁኔታ ነው። ኔዘርላንድ ውስጥ 39 ታማሚዎችን ለሁለት ከፍሎ ስቴንትንና የማለፊያ ቀዶ ሕክምናን ያነጻጸረ ጥናት በ2010 ወጥቷል። ስቴንት የገባላቸው ቶሎ በሉ፤ በመካከለኛ ግምት በ5 ቀን። ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው በ8 ቀን። ነገር ግን ጊዜ እየቆየ ሲሄድ ለረጅም ጊዜ በደንብ የበሉት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ናቸው፤ ስቴንት ከገባላቸው መካከል እንደገና የተዘጋባቸው ይበዙ ነበር። አጥኚዎቹ ከሁለት ወር በላይ ይኖራል ተብሎ ለሚገመት ሰው ቀዶ ሕክምናውን፣ ከዚያ ለሚያንሰው ስቴንቱን መከሩ። ይህ ሕግ አይደለም፤ ሰውነቷ ቀዶ ሕክምና የማይችል ታማሚ አለች፣ ስቴንት የማይገኝበት ቦታም አለ። ግን ጥያቄው ምን እንደሆነ ያሳየናል፤ "የቱ ነው ዘመናዊው?" ሳይሆን "ለእሷ፣ ላላት ጊዜ፣ የቱ ነው የሚሻለው?" ነው። ደግሞም ካንሰሩ በታች ባለው አንጀት ሌላ ቦታ ከዘጋ የላይኛውን በር ብቻ መክፈት ዋጋ የለውም፤ ይህንንም ሐኪሙ አስቀድሞ ያያል።

ስቴንት የገባላትን ሰው ለምታስታምሙ ደግሞ የወጥ ቤቱን ነገር ልንገራችሁ። ቱቦው እንደ ጤነኛ አንጀት ተኮማትሮ እህል አይገፋም፤ እህሉ ራሱ መውረድ አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃ፣ ሻይ፣ የተጣራ ሾርባ፤ ቀጥሎ አጥሚት፣ ቀጠን ያለ ገንፎ፣ በደንብ የተቀቀለና የተፈጨ ድንች፣ ቀጭን ሽሮ። እንጀራ ሐኪሙ ሲፈቅድ በወጥ ርሶ፣ ደቅቆ፣ በጥቂቱ። ጎመን፣ ጥሬ፣ ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ጅማት ያለው ሥጋና ደረቅ ዳቦ በሽቦው ውስጥ ይወተፋሉ። ጥቂት በጥቂት በቀን ስድስት ጊዜ መመገብ፣ ቁጭ ብሎ መብላት፣ በልቶ ወዲያው አለመተኛት፣ በመሃሉና ከበሉ በኋላ ውሃ መጠጣት ይጠቅማል። "አንድ ጉርሻ ለእኔ ስትይ" እያሉ ማጉረስ የፍቅራችን ልማድ ነው፤ ለእሷ ግን ትልቅ ጉርሻ ጉዳት ነው። ትውኪያው ከተመለሰ፣ ብርቱ የሆድ ሕመም ከመጣ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስታወካት፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። ስቴንት ሊዘጋ፣ ሊንሸራተት፣ ሊያደማ፣ አልፎ አልፎም አንጀት ሊበሳ ይችላልና።

አሁን ወደ ሒሳቤ ልመለስ። ትልቅ ወጪ ከመውጣቱ በፊት ቤተሰቡ ሐኪሙን እንዲጠይቅና መልሱን በወረቀት እንዲይዝ የምንፈልጋቸው ጥያቄዎች አራት ናቸው።

አንደኛ፦ በሩን የዘጋው ምንድን ነው? የናሙናው ውጤት መጥቷል?

ሁለተኛ፦ ይህ ሕክምና በሽታውን ያድናል ወይስ በሩን ይከፍታል? ለምን ያህል ጊዜ ይከፍታል ተብሎ ይገመታል?

ሦስተኛ፦ ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? ዕቃው፣ አልጋው፣ ላቦራቶሪው፣ መመላለሱ፣ እንደገና ቢዘጋ የሚጠይቀው ጭምር። ስቴንቱ በሆስፒታሉ አለ ወይስ ቤተሰብ ከውጭ ገዝቶ ያቀርባል? ይህ ከመነሳት በፊት በስልክ የሚጠየቅ ነው። ቡሬ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱም የሚዘጋባቸው ቀናት አሉ። ዕቃው ሳይኖር ታማሚ ይዞ መድረስ ገንዘብም አቅምም ይጨርሳል።

አራተኛ፦ እሷ ምን ትፈልጋለች? ይህን የምንጠይቀው ሐኪሙን ሳይሆን ታማሚዋን ነው። በእኛ አገር ክፉ ወሬ ከታማሚ ይደበቃል፤ ስለ ገንዘቡም የሚወስኑት ሌሎች ናቸው። አክስቴ ግን የምትፈልገውን ታውቅ ነበር፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግራዋለች።

ለጉባኤው የማቀርበው የደንብ ማሻሻያ ሐሳብ ከእነዚህ የመጣ ነው።

አሁን ባለው ደንብ የሕክምና ብድር የሚለቀቀው አባሏ አልጋ ከያዘች በኋላ ነው። በእኔ እምነት ገንዘባችን የሚዘገየው እዚህ ላይ ነው። ቀዳሚው ሐሳቤ የመጀመሪያው ኤንዶስኮፒና ወደ ባሕር ዳር የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ወጪ በብድር ሳይሆን በድጋፍ ከፈንዱ እንዲሸፈን ነው። ይህም የዘረዘርኳቸውን ምልክቶች ጤና ጣቢያው አይቶ ሪፈር ለጻፈላት አባል ሁሉ ይሁን። ትንሽ ወጪ ነው፤ ትልቁን ወጪ የሚያስተካክለው ግን እሱ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል።

ቀጥሎ ከዚያ በላይ ያለው ብድር ለአራቱ ጥያቄዎች መልስ በአንድ ገጽ ተጽፎ ሲመጣ በሦስት ቀን ውስጥ ይለቀቅ። ይህ ለመከልከያ አይደለም። መልሱ "አያድናትም፤ ግን እህል ይወርድላታል" ቢሆንም እንሰጣለን። ድንኳንና ንፍሮ ለሞት ቀን የሚያዘጋጅ እድር ሁላችንም አለን፤ መልካም ነው። የቆመ ሰው አጥሚት የሚጠጣበት ወጪ ግን ከዚያ የሚያንስ ክብር የለውም።

በመጨረሻም የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያ ያላሳደሰች አባል መዋጮውን በወቅቱ እንድትከፍል ፈንዱ በአነስተኛ ብድር ይርዳት። መድኑ በአገራችን በሙከራ ሲጀመር በአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ የጎጃሙ ደቡብ አቸፈር ነበር፤ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን መድኑ የሚሠራው በተራ ነው፦ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ በላይ፣ በሪፈር ወረቀት። ወረቀቱን ሳይዙ በቀጥታ ከሄዱ ወጪው ወደ ኪስ ይዞራል። ወረቀቱን ጠይቁ፣ ኮፒ አድርጉ፣ ያዙ።

ለደጋፊዎቻችን ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። ለእኛ ማኅበር ማሽን አያስፈልገውም። ኤንዶስኮፒ ያለ ሐኪም፣ ያለ ማጠቢያ፣ ያለ ናሙና መርማሪ ሳጥን ብቻ ነው፤ ያ የሆስፒታሎች ሥራ ነው። እኛን የሚጠቅመን የገጠሯ ሴት ወደዚያ ማሽን በጊዜ የምትደርስበት ገንዘብ ነው፤ የመኪናው፣ የመጀመሪያው ምርመራ፣ የአንድ አስታማሚ አልጋ። ለዚህ የምትሰጡት እያንዳንዱ ብር በደረሰኝ ይመዘገባል፤ ሪፖርቱን በየሩብ ዓመቱ በዚህ መጽሔታችን ላይ እኔው አወጣለሁ።

እናቶቼና እህቶቼ፣ የማሻሻያው ጽሑፍ በየወንበራችሁ ላይ አለ። ማንበብ ለማትችሉ እናቶች ከምሳ በፊት የየምድባችሁ ጸሐፊ ታነብላችኋለች። የተሕዋሱን መድኃኒት ወይም የጤና መድኑን በተመለከተ ጥያቄ ያላችሁ የጋበዝናቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እስከ ማታ አብረውን ናቸው። ከሰዓት በኋላ በ8 ሰዓት ድምፅ እንሰጣለን።